የመሪጌታ ወልደተንሣኤ አንድ ዓይን

«በአንኮበር እኔ የማላውቀው መንገድ ካለ ፍየልም ያልረገጠው ነው! ሥዕል ማንበብማ ከአባቴ ጉልበት ሥር ሆኜ የተማርሁት ነው፤ ከእኔ የሚያመልጥ መልክ የለም» አለች ወለተሐና፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ይህ የሆነው በ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር፣ ንጉሡ ሠፈራቸውን ወደ እንጦጦ ካዞሩ ወዲህ የአንኮበር ቤቶች አንድ በአንድ መዘጋት በጀመሩበት ዘመን ነው። ከቆላው የሚነሣው ጉም ጠዋት ጠዋት ገደሉን ወጥቶ ጥዱንም፣ የካቡን አጥርም፣ የሣር ክዳኑንም ይሸፍናል፤ ረፋድ ላይ ሲገለጥ ከተማይቱ ታጥባ እንደ ተሰጣች ነጠላ በኮረብታው ወገብ ላይ ትታያለች፤ ከግርጌዋም የአሊዩ አምባ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ሙቀቱ አገር ይወርዳል። በዚያ መንገድ ነበር ሙሴ ሩዶ የሚባል ፈረንጅ በሁለት በቅሎ መልክ የሚያዝበት መስተዋት፣ በአንዲት በቅሎ ደግሞ ባለ ሦስት እግር የፎቶግራፍ ሣጥን አስጭኖ የወጣው። ልጅቱ የፎከረችውም ለእርሱ ነው፤ እርሱም ከነገሯ ግማሹ ብቻ ገባው፤ ግማሹ ግን በቃው።

ወለተሐና የደብሩ ሠዓሊ የመሪጌታ ወልደተንሣኤ አንድ ልጅ ናት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ፊደል ቆጥራ፣ ወንጌል ጨርሳ፣ ዳዊት ልትጀምር ስትል «ለሴት ልጅ ይበቃል» ተባለች። ትምህርቷ በዚያ ቆመ፤ ምላሷ ግን አልቆመም።

ሙሴ ሩዶ እንደ መጣ መኳንንቱ ለምድ ለብሰው፣ ጋሻ አስይዘው ተቀመጡለት። እርሱ ግን ሁለቱን ሦስቱን ካነሣ በኋላ ሌላ ነገር አማረው። «እኔ መንገድ እፈልጋለሁ» አለ፤ «ተራ መንገድ። ገበያ። በር። ሰው ሥራ ሲሠራ። እኔን የማያይ ሰው።» አገሩ ሳቀ። «መንገድ ሊያይ ባሕር ተሻገረ? እነርሱ ዘንድ በምን ላይ ነው የሚሄዱት?» ተባባለ።

መንገዱን የሚያሳየው፣ ሰውንም «ወደ ሣጥኑ አትዩ» የሚልለት አፈኛ ሲፈልግ፣ ከወለተሐና የተሻለ አፍ በከተማው እንደሌለ ሁሉም መሰከረ። አባቷም ፈቀዱ፤ ፈረንጁ ከጓዙ አውጥቶ የሰጣቸው አንድ እፍኝ ሰማያዊ ቀለም ልባቸውን አራርቶት ነበርና።

መሪጌታ ያን ቀለም የፈለጉት ለእመቤታችን ካባ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የመቅደሱን የምዕራብ ግድግዳ ሲሥሉ ኖረው ሥራው ሊያልቅ የቀረው ካባውና የእመቤታችን ዓይኖች ብቻ ነበር፤ ዓይኖቹን በነቢያት ጾም፣ ሰባት ቀን ከውሃ በቀር ሳይቀምሱ ሊሥሉ፣ ሥዕሉም በጌታ ልደት ሊመረቅ ተወስኖ ነበር። በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ኃጥእ ግን ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ይሁዳም፣ ዲያብሎስም፣ ጌታን የሚገርፈውም እንዲሁ። ታዲያ በመሪጌታ ግድግዳ ላይ ካሉት ገራፊዎች የአንዱ አፍንጫ ጎባጣ ነበረ፤ ያ ጎባጣነትም የደብሩን ገበዝ የኃይለ ገብርኤልን አፍንጫ ቁርጥ ይመስላል እየተባለ ሕዝቡ በነጠላው ሥር ይስቅ ነበር። ገበዙም ሳቁን ሰምተዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሣጥኑ በገበያው መውረጃ ተተከለ። እዚያ እንስራ የምትሸጥ አልታየች የምትባል ባልቴት አለች።

«እትዬ አልታየች፣ ወዲያ ይዩ! እንስራውን ይዩ!» ብላ ጮኸች ወለተሐና።

«እንስራውን እኔው ሠራሁት፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለው ብለሽ ነው የማየው?»

«አይነቃነቁ ብያለሁ! ወደ እኔም አይዩ!»

«ወግ ነው! አንቺን ማን አየሽ!»

ሙሴ ሩዶ ጥቁር ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ወጣና የሣጥኑን ክዳን አነሣ። ክዳኑ ምን ያህል ጊዜ ተነሥቶ እንደሚቆይ የሚለካው በወለተሐና አፍ ነው፤ «አቡነ ዘበሰማያት» ብላ ትጀምርና «ይትቀደስ ስምከ» ስትል ክዳኑ ይመለሳል። ጸሎቱን እየደገመች ግን አንድ ስፍራ አትቆምም፤ የአንዷን ሴት ነጠላ ታስተካክላለች፤ የፈዘዘውን አህያ ትገፋለች፤ ሣጥኑን ሰርቆ ያየውን ሁሉ በጣቷ ታስፈራራለች።

እንዲህ እያሉ የውሃ መውረጃውን፣ የአንጥረኞቹን ሠፈርና የተዘጉትን ደጆች አነሡ፤ በሦስተኛው ቀን ከደብሩ ደጀ ሰላም ፊት ቆሙ። መሪጌታ ወልደተንሣኤ እጃቸው ቀለም እንደ ነካው ከበሩ ሲወጡ ልጃቸው «አባባ! ወደ ሣጥኑ አይዩ! ፊትዎን ወደ ደወሉ ያዙሩ!» ብላ ጮኸች። እርሳቸውም እንደ ታዘዙት ጎናቸውን ሰጥተው ቆሙ። ከጎናቸው የነበሩት ገበዝ ኃይለ ገብርኤል ግን የልጅ ትእዛዝ የሚሰሙ ሰው አልነበሩም፤ መቋሚያቸውን ተክለው እንደ ጉጉት ወደ ሣጥኑ አፈጠጡ።

«ገበዝ፣ እርስዎም—»

«አንቺ ማን ነሽና!»

«አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ» አለች በንዴት፤ ክዳኑም ወደቀ።

ሙሴ ሩዶ መስተዋቱን በመድኃኒት ካጠበ በኋላ ከወረቀት ጋር አጣብቆ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ወረቀቱም ቀስ በቀስ እየጠቆረ በሩን፣ ደወሉን፣ ከበሩ ሥር የታሰረችውን በቅሎና ሁለቱን ሰዎች አወጣ። ስለ ድካሟ ያን ወረቀት ሰጣት። እርሷም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰብስቦ ሳለ «ኑ እዩ! አባቴን እዩ! እኔ ነኝ ያስነሣሁት!» እያለች አዞረችው።

መጀመሪያ ሳቅና አድናቆት ሆነ፤ የካቡ ድንጋይ ሊቆጠር ይቻላል፤ የደወሉ ገመድ እንኳ ይታያል። ከዚያ ሳቁ ከአንድ ወገን እየሞተ መጣ።

«አንድ ዓይን» አለ አንድ ደብተራ፣ ቀስ ብሎ።

ወረቀቱ ገበዙ እጅ ገባ። የራሳቸው ሁለት ዓይን ከወረቀቱ መልሶ ያያቸዋል፤ ከጎናቸው መሪጌታ በአንድ ዓይን ቆመዋል።

«ሰው የሣለው ቢሆን ሰው ይሳሳታል፤ ቂምም ይኖርበታል» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይህን የሣለችው ግን ፀሐይ ናት። ፀሐይ ከማን ጋር ተጣልታ ታውቃለች?»

«ጎናቸውን ሰጥተው ስለ ቆሙ ነው! ዙሩ ያልኋቸው እኔ ነኝ!» አለች ወለተሐና።

«ኃጥእም ጎኑን የሚሰጠው አዟሪ ቢኖረው ነው።»

«በቅሎዋስ? ያቻትና ከበሩ ሥር! እርሷም አንድ ዓይን ናት፤ ምን አጠፋች?»

«እኔን አምና ረግጣኛለች!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ጠገራ ብሩ ላይ የተቀረጸችውስ ሴትዮ? አንድ ዓይን ናት ብሎ ብር የተጸየፈ ማን አለ?»

«ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው ሲባል አልሰማሽም? ታዲያ ምን ዓይነት ሴት ኖሯል ብር ላይ የምትቀመጠው?» አሉ ገበዙ፤ ሕዝቡም ለገበዙ ፈረደ።

የደብሩ አለቃ ገብረአማኑኤል ዕድሜ የጠገቡ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ፤ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩ። «እስኪጣራ ድረስ መሪጌታ ቀለሙን ይክደኑት» አሉ በመጨረሻ። «የእመቤታችንን ዓይን የሚሥል እጅ የሚታማ መሆን የለበትም። እስከ ደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ካልጠራ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ልከን ሌላ ሠዓሊ እናስመጣለን።»

በዚያ ቀን መሪጌታ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው ያዩ ነበር። ወለተሐና አጠገባቸው ተንበርክካ «አባባ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች።

«ሠላሳ ዓመት የሰው መልክ ሣልሁ፤ የራሴን ግን ከጎኑ አይቼው አላውቅም» አሉ። «አንገቴ እንዲህ ጎብጧል እንዴ?»

«የእርስዎማ ምን አለው! የጎበጠስ የገበዙ አፍንጫ ነው።»

መሪጌታ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «የእርሱን አፍንጫ ተይው፤ እርሱ የእኔ ኃጢአት ነው። ገራፊውን በሣልሁበት ሰሞን ከገበዙ ጋር ስለ አንዲት የድንበር ዛፍ ተጣልተን ነበር። አላሰብሁትም ብዬ ለሕዝቡ እምላለሁ፤ ለእግዚአብሔር ግን አልምልም። ስንቱን ሰው በአንድ ዓይን ሣልሁ፣ ልጄ! አንዱም ከግድግዳው ወርዶ ‘ያኛውን ጎኔንም እዩልኝ’ አላለኝም። እኔስ ዛሬ ለማን ልበል?»

 ያ ግድግዳ ያለ አባቷ እጅ ካለቀ አባቷን ከእንግዲህ የሚጠራ ደብር እንደማይኖር፣ ይህንም ያመጣችው እርሷ እንደሆነች ወለተሐና ታውቃለች። ምላሷ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቀ፤ ደርቆ የቆየው ግን እስከ ማግስቱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ያሰበችው ነገር ቀላል ነበር፤ ገበዙንም በጎናቸው ማስነሣት። ሙሴ ሩዶን ከአንዱ ካብ ወደ አንዱ ካብ ስታዞረው ዋለች፤ ገበዙ ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ ሣጥኑን ባዩበት ስፍራ ሁሉ ፊታቸውን እንደ ሱፍ አበባ ይመልሱለት ጀመር። ከቀኝ ቢመጡባቸው ወደ ቀኝ፤ ከግራ ቢመጡባቸው ወደ ግራ። ሳይታሰቡ ከበስተኋላ ሊይዟቸው ሲሉም፣ የሣጥኑን ሦስት እግር ድምፅ ሰምተው ዞሩና ጢማቸውን አበጠሩ።

«ይህ ሽማግሌ ሣጥኔን በጣም ይወዳል» አለ ሙሴ ሩዶ እያላበው። «አሁን ሁለት መስተዋት ቀረኝ። ሁለት ብቻ። ከበዓሉ በኋላ እሄዳለሁ።»

ያን ጊዜ ነገሩን ሁሉ አስረዳችው፤ የሁለት ዓይኑንና የአንድ ዓይኑን ሥርዓት፣ የአባቷንም መከራ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቷን ባየ ጊዜ ግን ሳቁን ዋጠው።

«አንዱን መስተዋት ለንግሡ ይስጡኝ» አለች።

«እኔ መንገድ ነው የምፈልገው።»

«መንገድ አይደል የሚፈልጉት? በንግሥ ቀን መንገዱ ራሱ ይሄዳል!»

በንግሡ ቀን አየሩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ ከጥዱ ሥር ያለው ቁልቁለት በነጭ ልብስ ተሞላ። ሙሴ ሩዶ ልጅቱ እንዳለችው ሣጥኑን ራቅ አድርጎ ከላይኛው ካብ ላይ ተከለ። ታቦቱ በቄስ ወልደ ሰንበት ራስ ላይ ሆኖ፣ ጥላ ተይዞለት፣ እልልታው ገደሉን እያስተጋባ ወረደ፤ ከመንገዱ መታጠፊያም ሲደርስ ለወረቡ ቆመ። ካህናቱም ሕዝቡም በአንድነት ወደ ታቦቱ ዞሩ፤ ከላይ ለሚያያቸው ጎናቸውን ሰጥተዋል። በዚያ ቀን ማንንም «ዙር» ማለት አላስፈለጋትም። እርሷ ግን ገበዙ የት እንደ ቆሙ ለማየት ከካቡ ሥር ወዲያና ወዲህ እየሮጠች «አቡነ ዘበሰማያት» አለች፤ ክዳኑ ተነሣ፤ «ይትቀደስ ስምከ» አለች፤ ክዳኑ ወደቀ።

በማግስቱ ወረቀቱ ፀሐይ ጠጥቶ እንደ ወጣ፣ እርጥቡን በሁለት እጇ ይዛ ካህናቱ ወደ ተሰበሰቡበት ደጀ ሰላም ሄደች። አባቷ ከበሩ አጠገብ እንደ እንግዳ ቆመው ነበር። ያን ቀን አልፎከረችም፤ ወረቀቱን ለአለቃው ሰጥታ እጅ ነሣችና ወደ ኋላ ተመለሰች።

አለቃ ገብረአማኑኤል ደብተራውን ወደ እርሳቸው ጠሩ። «ዓይኔ ደክሟል፤ አንብብልኝ። ይህ ጥላ የተያዘለት ማን ነው?»

«ቄስ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ታቦቱን አክብረው።»

«ስንት ዓይን አላቸው?»

ደብተራው ወደ ገበዙ ዘወር አለ።

«ስንት አልሁህ?»

«አንድ።»

«ይህስ ሽማግሌ፣ በመቋሚያ የተደገፈው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባታችን።»

«የእኔስ ስንት ሆነ?»

«ያው... ያው እንደ ቄስ ወልደ ሰንበት ነው» አለ ደብተራው፣ ላብ እያጠመቀው።

ሳቅ ከበሩ ጀመረ፤ አለቃው እጃቸውን ሲያነሡ ግን ጸጥ አለ። «እንግዲህ ሁላችን ደብሩን ለቅቀን እንውጣ፤ ያለዚያም ይህች ሣጥን የቆመችበትን ጎን እንጂ ልብን አታይም እንበል። እኔ በስተርጅና መውጣት አይሆንልኝም።» ከዚያ ወረቀቱን ወደ ፊታቸው አቀረቡ። «ቆይ። አንድ ሰው ሁለት ዓይን አለው። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ጻድቅ ተገኝቷል። ማን ነው?»

ሁሉም ወደ አንድ ስፍራ ተመለከተ።

«ገበዝ» አሉ አለቃው በለስላሳ ድምፅ፤ «ታቦቱ በቀኝዎ ቆሞ ሳለ፣ ዓይንዎ ወዴት ነበር?»

ገበዝ ኃይለ ገብርኤል ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡ። ያ አፍንጫ በዚያች ሰዓት ከጉብጠቱ ይልቅ ሐዘኑ ይበልጥ ነበር፤ መሪጌታ ወልደተንሣኤም ይህን አይተው ደስ አላላቸውም። ከቆሙበት በር ለቀው መጡና ከገበዙ ጎን ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ተከፈተ። መሪጌታ ወደ መቅደሱ ሲገቡ መጀመሪያ የእመቤታችንን ዓይን አልሣሉም፤ ወደ ገራፊው ሄደው አፍንጫውን አቀኑት። ከዚያ ሰባቱን ቀን ጾሙ።

ሙሴ ሩዶ ለጉዞ በተነሣበት ጠዋት ወረቀቶቹን ሁሉ ለቁጥር በካቡ ላይ አሰለፋቸው፤ ከተማውም ራሱን ሊያይ ወጣ። ወለተሐና ምላሷ ሙሉ በሙሉ ተመልሶላት ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች ትተረጉም ነበር። «ይህን ሁሉ ያስነሣሁት እኔ ነኝ! እርሱ ክዳን ብቻ ነው ያነሣው! ሥዕሉን ያነበብሁት እኔ፤ ደብሩን ያስታረቅሁት እኔ! ዘራችን እያየ ‘ይህች ወለተሐና ናት’ ይላል!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጊዜ ራሱ ተናገረው። ከመስተዋቶቹ ግማሾቹ በአዋሽ መሻገሪያ ተሰባበሩ፤ የቀሩት ባሕር ማዶ በአንድ የእንጨት ሣጥን ገቡ፤ ከየወረቀቱ ጀርባም «አንኮበር፣ መንገድ»፤ «አንኮበር፣ በር»፤ «አንኮበር፣ በዓል» ከሚል በቀር የተጻፈ ነገር የለም። ታሪክ ንጉሡ የሠፈሩበትን ስፍራና የመኳንንቱን ጋሻ አልዘነጋም፤ የመሪጌታን የሰባት ቀን ጾም ግን የመዘገበው የለም። በአንደኛው ወረቀት ላይ ጎኑን ሰጥቶ የቆመ አንድ ሽማግሌ ይታያል፤ የሚያየው ሁሉ ዝም ብሎ ደወል የሚመለከት ሰው ይመስለዋል፤ አባት ልጁን ሲታዘዝ መሆኑን ማንም አያውቅም።

በዚያ ጠዋት ግን ይህን የሚያስብ አልነበረም። ወለተሐና የራሷን መልክ ፍለጋ ወረቀቶቹን ከዳር እስከ ዳር አየች፤ ደግማ አየች። በገበያው መውረጃ ከአህያው አጠገብ እንደ ጭስ ያለ ነጭ ነገር አለ። በውሃ መውረጃውም ያ ጭስ አለ። በንግሡም ቀን ከካቡ ሥር ሁለት ሦስት ቦታ ተበትኖ ይታያል።

«ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው? መስተዋቱ ቆሽሾ ነው?» አለች።

«አንቺ ነሽ» አለ ሙሴ ሩዶ፣ ጭነቱን እያጠበቀ።

«እኔ? እኔ ይህን እመስላለሁ?»

እትዬ አልታየች ከእንስራዋ ጋር ቁልጭ ብላ የወጣችበትን ወረቀት በጣቷ ጫፍ ይዛ ዞር አለች። «እኔን ‘አይነቃነቁ’ እያልሽ ከምትጮኺ፣ አንድ ጊዜ አፍሽን ዘግተሽ ብትቆሚ ኖሮ፣ አንቺም ሰው ትመስዪ ነበር።»